«ኮች» አውቶቡስ ነው፣ ፉርጎ ነው ወይስ አሰልጣኝ? አንድ ጥያቄና ሃያ ሁለት ምላሾች

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን ለኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ መነሻው ደግሞ አጎቴ ናቸው። ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን በመጡ ጊዜ በርሚንግሃም የምትኖረውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ስለፈለጉ ቲኬት ቆረጥሁላቸውና፣ ቪክቶሪያ ሲደርሱ ኮች እንደሚይዙ በስልክ ነገርኋቸው። ሥራ ላይ ስለነበርሁ አልሸኘኋቸውም። እርሳቸው ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥተው ቀያዮቹ የከተማ አውቶቡሶች ከተሰለፉበት ቦታ ደረሱና ቲኬታቸውን ለአንዱም ለሌላውም ሹፌር ማሳየት ጀመሩ። ሹፌሮቹም ይህ አውቶቡስ እንጂ ኮች አይደለም እያሉ በየተራ መለሷቸው። አጎቴ ግራ ገባቸው፤ የተቆረጠላቸው የአውቶቡስ ቲኬት ነው፣ አውቶቡስም ፊታቸው ተደርድሯል፣ ኮች ሲባል የሚያውቁት ግን በወጣትነታቸው ኳስ ሲጫወቱ ፊሽካ እየነፋ ሜዳውን ያስዞራቸው የነበረውን ሰው ነው። የኮቹ ጣቢያ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ፣ በበኪንግሃም ፓላስ ጎዳና ላይ ያለ ሌላ ሕንፃ መሆኑን አንድ መንገደኛ ሲያሳያቸው መኪናው ሄዷል። ማታ የደወሉልኝ ሌላ ቲኬት ገዝተው በርሚንግሃም ከገቡ በኋላ ነበር።

በጽሑፌ የጠየቅሁት፣ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በምን ምክንያት አውቶቡስም አሰልጣኝም ሊሆን እንደቻለና በአማርኛ አንድ ቁርጥ ያለ አቻ ልናገኝለት እንችል እንደሆነ ነው። ከጥያቄው ጋር አንድ ነገር በድፍረት ተናግሬ ነበር፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ መሆኑን፣ ሁለቱ ትርጉሞችም ቢላ እንደ መሳል፣ ሥዕል እንደ መሳልና በጉንፋን እንደ መሳል በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙ መሆናቸውን። ድፍረቱ ብዙ አልቆየም።

1ኛ ምላሽ። ከለንደን የጻፈ ሰው በትሕትና ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ ቪክቶሪያ ላይ እንዲህ የተጉላሉት አጎቴ ብቻ አለመሆናቸውን ገለጸ። የኮቹ ጣቢያ የተከፈተው በ1932 መሆኑን ጠቅሶ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሁለቱን ልዩነት አስረዳ። በእርሱ አገላለጽ፣ በብሪታንያ አውቶቡስ የሚባለው በከተማ ውስጥ በየፌርማታው እየቆመ ሰው የሚያወርድና የሚጭን፣ ቆሞም የሚኬድበት ነው። ኮች የሚባለው ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄድ፣ ሁሉም ሰው በወንበሩ የሚቀመጥበት፣ ሻንጣ ከሆዱ ሥር የሚከተትበት ነው። አማርኛውም ከዱሮ ጀምሮ እንዳለን፣ እርሱም አገር አቋራጭ አውቶቡስ መሆኑን አክሎ ጽሑፉን ቋጨ። ክሩ (ጥያቄውን ተከትሎ የመጣው የምላሾች ሰንሰለት) እዚያው ላይ ቢዘጋ ኖሮ አጎቴን የሚረዳው መልስ ተገኝቶ ነበር ማለት ነው።

2ኛው ምላሽ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ጸሐፊው ከለንደን ኦክስፎርድ ሁለት ሰዓት እንኳ ለማይሞላ መንገድ አገር አቋራጭ የሚለው ስም እንደሚበዛ፣ የሚቋረጠውም አገር የቱ እንደሆነ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ ነገሩ ግን ጥቂት እውነት አለው።

3ኛ ምላሽ። ከአዲስ አበባ የጻፈች ሴት፣ ልዩነቱን እኛም ሳናስተውለው የምንጠቀምበት መሆኑን አስታወሰች። በእርሷ ትዝብት፣ ወንበሩ የሚመች፣ ውሃና ብስኩት የሚታደልበት፣ ተሳፋሪ ከወንበር በላይ የማይጭነው ረጅም ተጓዥ መኪና በሰዉ አንደበት ባስ ተብሏል፤ አውቶቡስ የሚለው ስም ለቀረው ተትቷል። አያቷ ግን ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ጎሕ ሲቀድ የሚነሣውን ሁሉ እስኪሞቱ ድረስ ሎንቺን ይሉት ነበር። ከዚህ ወደ ቅጥቅጡ አለፈች። ቅጥቅጥ የተባለው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ላሜራ ተቀጥቅጦ አካል ስለሚሠራለት መሆኑን ነግራን፣ ልጅ ሳለች በአባቷ ጋራዥ ያየችውን ተረከች። ሠራተኞቹ ላሜራውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝተው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ያጎብጡት ነበር፤ የመጨረሻው ጉባጣ ከፊት መስታወቱ ማዕዘን ጋር ካልገጠመ ሙሉው ቀን እንደ ባከነ ይቆጠር ነበር። እንግሊዞችም የመኪና አካል ሠሪውን እስከ ዛሬ ኮች ሠሪ እንደሚሉት ያወቅሁት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው፤ ስሙ የቀረላቸው ፈረስ የሚስበውን ሠረገላ ይሠሩ ከነበሩት ባለሙያዎች ነው።

4ኛ ምላሽ። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ሰው እዚያ ኮች ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የአውሮፕላን ርካሽ ወንበር መሆኑን ገለጸ። እናቱ ወደ ሎስ አንጀለስ ሊሄዱ ሲሉ ቲኬታቸው ላይ ቃሉን አይተው፣ በዚህ ዕድሜያቸው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በአውቶቡስ ሊያስኬዳቸው መሆኑን በመጠርጠር ለእኅቱ ደውለው እንባ አውጥተው ነበር። አመጣጡንም ከባቡር ጀምሮ አስረዳ። በአሜሪካ ባቡር አልጋ ያለው የፑልማን ፉርጎ ለባለ ገንዘብ ሲሆን፣ ተቀምጦ የሚኬድበት ተራው ፉርጎ ኮች ይባል ነበር። አየር መንገዶች ከ1948 ጀምሮ ዝቅ ባለ ዋጋ ወንበር መሸጥ ሲጀምሩ ስሙን ከባቡሩ ወሰዱት። ስለዚህ በአንድ አገር ከአውቶቡስ ሻል ያለው፣ በሌላው አገር የመጨረሻው ርካሽ ሆነ።

5ኛው ምላሽ ከኤዲንብራ ነበር። ጸሐፊዋ በብሪታንያ ባቡርም ኮች አለ በማለት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበችው፤ ወንበር አስቀድሞ የያዘ ሰው ፉርጎውን የሚያውቀው ኮች ኤ፣ ኮች ቢ እየተባለ በፊደል ነው። የመጀመሪያዎቹ የባቡር መንገደኛ ፉርጎዎች የመንገድ ሠረገላ አካል በሐዲድ ላይ ተቀጣጥሎ የተሠሩ እስኪመስሉ ድረስ ቅርጻቸው አንድ ስለነበር ስሙም አብሮ ተሳፍሯል።

6ኛ ምላሽ። እኔን ያረመኝና የክሩን አቅጣጫ የለወጠው ይህ ነው። ጸሐፊው በ1980ዎቹ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ሃንጋሪ ተልከው ቡዳፔስት የተማሩ መሐንዲስ ናቸው። እኅቴ ብለው በአክብሮት ከጀመሩ በኋላ፣ ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው ማለቴ ግን ከባድ ስሕተት መሆኑን ምንም ሳያለሳልሱ ነገሩኝ። በሰሜን ምዕራብ ሃንጋሪ፣ ከቪየና ወደ ቡዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ኮች የምትባል መንደር አለች። በ15ኛው መቶ ዘመን የዚያች መንደር ሠሪዎች ቀላልና ፈጣን በሆነ ሠረገላቸው ስም አወጡ፤ ሠረገላውም ኮቺ ሠረገላ ተባለ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» እኛ ጎንደሬ፣ ወሎዬ፣ መንዜ ስንል የምንጨምራትን የመሰለች የአገር ልጅነት መግለጫ ናት። ሠረገላው በአውሮፓ ሲዛመት «ሠረገላ» የሚለው ክፍል ተቆርጦ ቀረና የመንደሩ ስም ብቻውን ተጓዘ፤ በጀርመን ኩቼ፣ በፈረንሳይ ኮሽ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ ኮች ሆነ። ሃንጋሪዎች ዛሬም መኪናን ኮቺ ይላሉ። ሰውዬው በመጨረሻ ያከሉት ነገር ከሁሉ በላይ ደስ አሰኝቶኛል። እንግሊዞች በአምስት ፊደል የሚጽፉትን፣ በድምፁም ከመንደሩ አጠራር ያራቁትን ስም፣ የእኛ ሁለት ፊደላት «ኮ» እና «ች» መንደርተኛው እንደሚጠራው አድርገው ይጽፉታል።

በ7ኛው ምላሽ ስሕተቴን ተቀበልሁና ጋሼን አመሰገንሁ። ሆኖም የመንደር ሠረገላ ፊሽካ የያዘ ሰው እስኪሆን ድረስ በምን መንገድ እንደ ሄደ ገና አልተመለሰልኝም ነበርና ጥያቄውን ደገምሁት።

8ኛ ምላሽ። የመለሰልኝ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ሲጽፍም ክፍል ውስጥ የቆመ ይመስላል። በመጀመሪያ ሠረገላው ለእንግሊዞች ምን እንደነበረ እንድናስብ አደረገን። በነሐሴ 1784 ከብሪስቶል ወደ ለንደን የመጀመሪያው የፖስታ ኮች ሲነሣ፣ በፊት 38 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የደብዳቤ ጉዞ በ16 ሰዓት ጨረሰው። ፈረስ በየማረፊያው ይቀየራል፣ ጠመንጃ የያዘ ዘብ ከኋላ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ግን የሚጠበቅበት ተቀምጦ መድረስ ብቻ ነው። የኦክስፎርድ ተማሪዎች ይህን እያዩ ያደጉ ናቸው። በ1830 አካባቢ ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ለብቻው ገንዘብ እየተከፈለው የሚያስጠናውን ሰው በቀልድ ኮች ማለት ጀመሩ፤ ተማሪውን ተሸክሞ ፈተናውን የሚያሻግረው እርሱ ነውና። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ፣ ስሙ ከጥናት ክፍል ወደ ስፖርት ሜዳ ወጣ። መምህሩ እንዳሳሰበው፣ ቀልዱ የተማሪውን ስንፍና እንጂ የአስጠኚውን ክብር አይናገርም፤ የዛሬዎቹ የሕይወት ኮች ነን ባዮች ይህን ቢያውቁ ካርዳቸው ላይ ባልጻፉት ነበር። ተማሪዎቹ አማርኛ ተናጋሪዎች ቢሆኑ ኖሮ አስጠኚውን አሻጋሪ ይሉት እንደነበር ለእኔ ግልጽ ሆነልኝ፤ ወንዝ በሞላ ጊዜ ሰውን በጀርባው የሚያሻግረውን ጎበዝ የምንጠራበት ስም ነውና። እኛም እኮ ፈተና እናልፋለን እንጂ ሌላ ነገር አናደርገውም።

9ኛ ምላሽ። አንድ ዲያቆን መሆኑን ከአጻጻፉ የሚያስታውቅ ሰው፣ ሁለቱ ትርጉሞች ከኦክስፎርድ አስቀድሞ በአንድ ሠረገላ ላይ ተገናኝተው እንደነበር ጻፈ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብባል፤ ፊልጶስ ይደርስበታል፣ የሚያነብበውን ያስተውለው እንደሆነ ይጠይቀዋል፣ ጃንደረባውም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆንልኛል በሚል መንፈስ መልሶ ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ይለምነዋል። ሠረገላው እየሄደ ትምህርቱም ሄደ። ስለዚህ ሠረገላ የሚለው የግእዝ ቃል ለኮች ከበቂ በላይ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

በ10ኛው ምላሽ የክሩ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከር አለ። ጸሐፊው ጥቅሱ ውብ ቢሆንም ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል፣ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ኮች የሚለው ቃል በእጃቸው እያለ ሌላውን፣ የጥንቱን የጦር ሠረገላ ስም መምረጣቸውን፣ እነርሱ የለዩትን እኛ ልናደባልቀው እንደማይገባ በጠነከረ ቃል ጻፈ። ዲያቆኑ በ11ኛው ላይ የተናገረው ስለ ትርጉሙ እንጂ ስለ መንኮራኩሩ እንዳልነበረ በትዕግሥት መለሰ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ይሁንና አጎቴን ከቪክቶሪያ ሠረገላ ይሳፈሩ ብላቸው ኖሮ የት ይደርሱ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ።

12ኛ ምላሽ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ ያለ ሰው ከ4ኛው ምላሽ ጀምሮ ሁላችንም ፉርጎ ማለታችን አስቆጥቶታል። አባቱ በምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 የደረሰ ሲሆን የኩባንያው ሥራ በፈረንሳይኛ ይካሄድ ስለነበር፣ ፉርጎ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ የዕቃ መጫኛ እንጂ የሰው መቀመጫ ስም እንዳልሆነ አባቱ ሳይታክቱ ያስተምሩት ነበር። መንገደኛን ፉርጎ ውስጥ ማስገባት እንደ ጆንያ መቁጠር ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ።

13ኛው ምላሽ ለዚህ የተሰጠ ነው፤ ቃል አንዴ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ለቀድሞ ጌታው ግብር እንደማይከፍል፣ አማርኛ ተናጋሪው ፉርጎ ብሎ መንገደኛ ካሳፈረበት የፈረንሳይ መዝገበ ቃላት ሊያወርደው እንደማይችል ገለጸ። አነጋገሩ ሹል ቢሆንም ሐሳቡን እኔም እጋራዋለሁ። የድሬዳዋው ሰው በ14ኛው ምላሽ ሐዲድ ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ባቡር ባይጽፍ መልካም መሆኑን ተናገረ። 15ኛው ከሁለቱም ጋር ሳይነካካ፣ ባለፈው ሳምንት በአንድ መናኸሪያ ከታሪፍ በላይ እንዴት እንዳስከፈሉት በሰፊው ተረከና ወጣ።

16ኛው ከሁሉም የከረረ ነው። ጸሐፊው ክሩን የውጭ አገር ነዋሪ የሥራ ፈትነት ምልክት አድርጎ ቆጠረው፤ በአማርኛ መጻፍ የሚፈልግ ሰው አሰልጣኝ የሚል ቃል እያለው በእንግሊዝኛ ፊት መንበርከክ እንደሌለበት አስጠነቀቀ። 17ኛው ምላሽ ሰጪ አልተቆጣም፤ ያ ሰው በጻፋቸው አራት መስመሮች ውስጥ ያሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ቆጥሮ በቅደም ተከተል አስቀመጠለት። በ18ኛው የመድረኩ አወያይ ገብቶ ሰዎች ከሰው ወደ ቃሉ እንዲመለሱ አሳሰበ።

በ16ኛው ምላሽ ውስጥ ግን ሊታይ የሚገባው ቁም ነገር ነበረበት። በጋዜጣና በሬዲዮ ቃሉ ቀድሞም አሰልጣኝ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ባለፈ ጊዜ የተጻፈው አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተብሎ ነው። ሜዳ ዳር ያለ ልጅ ግን ሰውየውን ሲጠራ ኮች ይላል እንጂ አሰልጣኝ ብሎ አይጮኽም። አንዱ የማዕረግ፣ ሌላው የመጥሪያ ስም ሆኗል፤ እንደ ሐኪምና እንደ ዶክተር።

19ኛ ምላሽ። ነርስ የሆነች ሴት ውጥረቱን አቀዘቀዘችው። አሜሪካ በገባች ሰሞን ለአለቃዋ ሌሊቱን ኮች ላይ እንዳደረች ነግራ ክፍሉን በሙሉ ዝም ማሰኘቷን ጻፈች፤ ልትናገር የፈለገችው ሶፋ ለማለት የሚጠቀሙበትን ካውች የሚለውን ቃል ነበር። ወደ አጠራር ልምምድ እንድትሄድ ያደረጋትም ይኸው ዝምታ ነው።

20ኛ ምላሽ። ከአርሲ የጻፈ ሰው ወደ 8ኛው ተመልሶ፣ የኮችን ትርጉም በሥራ ያሳየን የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ መሆናቸውን ገለጸ። እርሳቸው መነሻቸው የትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ሲሆን፣ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ ኋላም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእጃቸው አልፈዋል። እንግሊዞች ከመምህር ወደ ሜዳ ለመድረስ ሠላሳ ዓመት የፈጀባቸውን መንገድ በቆጂ ላይ አንድ ሰው በአንድ ፊሽካ ጨረሰው። ከዚህ ክር አንድ ምላሽ ብቻ አስቀሪ ብባል ከ6ኛው ጋር የማወዳድረው ይህን ነው።

21ኛው ከማድሪድ ነበር፤ በስፓኝ ኮቼ ማለት የቤት መኪና መሆኑን፣ ስለዚህም ባለቤቷ ኳስ የሚያሰለጥናቸውን ልጆች በእንግሊዝኛ ኮች ሲሉት በሰማች ቁጥር መኪና የሚጠሩ እንደሚመስላት አጫወተችን። የመንደሯ ስም በአራት አገር አራት ዓይነት ኑሮ መያዙን የቡዳፔስቱ ጋሼ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር፤ ከ6ኛው በኋላ ግን አልተመለሱም።

22ኛ ምላሽ። ይህን የጻፈችው ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝምታ ስትከታተል የቆየችው የአጎቴ ልጅ ናት። ስለ ሃንጋሪም ሆነ ስለ ኦክስፎርድ ምንም አላለችም። አባቷ በቀይ አውቶቡሶች መካከል መንከራተታቸው እውነት መሆኑን፣ መኪናው ያመለጣቸው ግን በዚያ ምክንያት አለመሆኑን ጻፈች። መነሻው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ለንደን ብዙ የቆየሁት እኔ ግን በስልክ የነገርኋቸው በፈረንጁ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ነው። እርሳቸውም እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለመድረስ አስበው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ቀደም ብለው ስምንት ሰዓት ላይ ቪክቶሪያ ደረሱ። ኮቹ ከሄደ አምስት ሰዓት አልፎት ነበር። ይህንንም የቲኬቱን ሰዓት አንድ ሰው ካነበበላቸው በኋላ ተረድተውት፣ እንዳላፍር ብለው በይሉኝታ ዋጥ አድርገውት ነበር።

ለዚህ ምላሽ በመድረኩ ላይ እስካሁን ምንም አልጻፍሁም። አጎቴ ዘንድ ግን ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ እርሳቸው ዛሬም ጥፋቱን በኮቹ ላይ ያላክካሉ።